ባለ ሁለት ጭራዋ መንኮራኩር

ባለፈው ማክሰኞ ከቃሊቲ መናኸሪያ ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሎሚ ሸተተኝ። «ታዲያ ሎሚ ቢሸት ምን ይገርማል?» የሚል ካለ በዚያ መስመር ተሳፍሮ አያውቅም ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ናፍጣ ይሸታል፣ ቀይ ሽንኩርት ይሸታል፣ ከፋብሪካ የወጣ ሰው ብብት ይሸታል፤ ሎሚ ግን እንደ ሚኒስትር ነው፣ በታክሲ አይሄድም። አንገቴን አስግጌ ባይ፣ ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ ነጭ ቆብ ያደረገ ሽበታም ሰውዬ ግማሽ ሎሚ አፍንጫው ላይ ለጥፎ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ማጅራቱን አየሁት። ፊት ይሸበሸባል፣ ጥርስ ይረግፋል፣ ሆድ ባለቤቱን ጥሎ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ማጅራት ግን ታማኝ ነው። ሰይድ ነበር። ከሰይድ ጋር ከተነጋገርን በእኔ ሒሳብ ሦስት መቶ ዓመት ሆኖናል፤ በሌላው ሰው ሒሳብ ሠላሳ ገደማ።

ያን ጊዜ ሁለታችንም አቃቂ ውስጥ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ እንሠራ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በሻይ ዋጋ ነው። ሻይ ዐሥራ አምስት ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ ሃያ አምስት፣ ቦምቦሊኖውም የዛሬ ሕፃን ራስ ያህል ነበር። ጎረምሳው ሁሉ ሽንሽን ሱሪ ይለብሳል፤ የሽንሽኑ ጨርቅ ብቻ ለአንድ ቤተሰብ መጋረጃ ይበቃል። ካሴት የሚያዞሩ ልጆች ባቡር ጣቢያው በር ላይ ቆመው አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚደጋግሙት፣ የጂቡቲው ባቡር ራሱ ዜማውን ተምሮት ሲገባ በዚያ ምት ይመስለኝ ነበር ሐዲዱን የሚመታው። ዛሬ እዚያ ባጃጆች ተሰልፈው ይቆማሉ። ሐዲዱ ላይ ሣር በቅሏል፤ ከሣሩም ፍየል ትግጣለች። ፍየሏን ባየኋት ቁጥር «ስንት ሰዓት ነው የምትነሺው?» ማለት ያምረኛል።

እኔ በፋብሪካው ወረቀት ላይ «ድራፍትስማን» ነኝ፤ በተግባር የጆግ እጀታ ስዬ የምበላ ሰው ነበርኩ። ሰይድ ደግሞ ፎርማ ይሠራል። ፎርማ ማለት ፕላስቲክ ቀልጦ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ ነው፤ እሱ አንድ ፀጉር ያህል ከተሳሳተ ዐሥር ሺህ ጆግ ተንሻፎ ይወጣል። ሰይድ በሞረድ ሲሠራ ትንፋሹን ይይዛል። ባቡር ሲመጣ ወርክሾፑ ስለሚንቀጠቀጥ ሞረዱን አስቀምጦ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ እንደ ሰጋጅ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ይህን የመሰለ እጅ ያለው ልጅ ግን ቋሚ አልነበረም፣ የቀን ሠራተኛ ነበር። አባቱና አጎቶቹ ከወሎ መጥተው አቃቂ የሰፈሩ የከባድ መኪና ሰዎች ናቸው። አባትየው በመጡ ቁጥር «ቋሚ ካላደረጉህ ከእኔ ጋር ረዳት ሆነህ ትወጣለህ» ይሉታል። ሌላ ልጅ ቢሆን በደስታ ይዘላል። ሰይድን ግን መኪና ያዞረዋል። ከአቃቂ ሳሪስ ለመድረስ ሁለት ሎሚ ይፈጃል። ሹፌር በሹፌር በሆነ ዘር ውስጥ ጎማ ሲያይ የሚያቅለሸልሸው እሱ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ሥራ አስኪያጃችን ጋሽ ደምሴ አንድ ቀን ስብርባሪውን ጆግና ሳፋ ምን እናድርገው ብለው ሲያስቡ፣ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። የሚገጣጠም የልጆች ጡብ። ከላዩ ጉጥ፣ ከሥሩ ጉድጓድ፤ አንዱ አንዱን ነክሶ ይይዛል። «ግን ዝም ብሎ ጡብ ማን ይገዛል? አንድ ነገር ይሁን፤ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር» አሉ። ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አንድ ብቻ ነበር፣ ቅዳሜ ማታ በቴሌቪዥን የሚመጣው የጠፈር ድራማ። ከፕላኔት ፕላኔት መድኃኒት የምታደርስ መንኮራኩር አለች፤ በየሳምንቱ ትበላሻለች፣ በየሳምንቱ ትድናለች። ጋሽ ደምሴ እኔን «ንድፉን አንተ»፣ ሰይድን «ፎርማውን አንተ» አሉን። ለሰይድም ጨመሩለት፣ መርካቶ ያለው ጅምላ ነጋዴ ከተቀበለው በዚያው ሳምንት የቋሚነት ደብዳቤህን እፈርማለሁ ብለው። ሰይድ ያን ቀን ሎሚ ሳይዝ በታክሲ ሄደ።

አሁን የእትዬ ጫልቱን ሻይ ቤት ማሳየት አለብኝ። እትዬ ጫልቱ የዚያው የአቃቂ ባለርስቶች ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ጤፍ ያጨዱበት መሬት ላይ ሻይ ቤት ከፍተው፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥን አስገቡ። ዛሬ እዚያው ቦታ ባለ መስታወት ሕንፃ ቆሞ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። ያን ጊዜ ቅዳሜ ማታ የአቃቂ ሕዝብ በሙሉ፣ በጥቂቱም የደብረ ዘይት፣ እዚያች ክፍል ውስጥ ይገባል። ሻይ ያላዘዘ አይገባም፤ ሻይ ያዘዘም ብርጭቆውን ወደ አፉ የሚያነሣበት ቦታ የለውም። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ነው። አንቴናው ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ታስሮ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይሰግዳል። ከሁሉም በላይ ግን ቴሌቪዥኑ ጥላ ነበረው። እያንዳንዱ ምስል በስተቀኙ ሌላ፣ ትንሽ ፈዘዝ ያለ፣ መንታ አብሮት ይወጣል። ዜና አንባቢው ሁለት ነው፤ ኳስ ተጫዋቹ ሃያ ሁለት ሳይሆን አርባ አራት። ለምደነው ነበር። ሰው ሲሆን ሁለተኛውን በሐሳባችን እንቀንሰዋለን።

ድራማው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ደግሞ በቤቱ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ እኔ እተረጉም ነበር። አውቄ እንዳይመስላችሁ። ስምንተኛ ክፍል በእንግሊዝኛ ወድቄ፣ ዘጠነኛ ክፍል በድጋሚ ወድቄ፣ ዐሥረኛን መምህሩ አዝነው ነው ያሳለፉኝ። ግን ሰው ዝም ብሎ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ማየት አይወድም። ቁመናው ያማረውን ሰውዬ «ሻምበል» አልኩት፤ ጢማሙን «የሻምበሉ አማች» አደረግሁት። ሻምበሉ አፉን ሲከፍት እኔ እናገራለሁ። «መድኃኒቱ በቀበሌ ማህተም ካልሆነ አይወጣም ይላል» ስል ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እትዬ ጫልቱ ለትርጉሜ ሻይ በነፃ ይሰጡኝ ነበር።

መንኮራኩሯ በሙሉ አካሏ በቴሌቪዥኑ መስኮት የምታልፈው በአንድ ቅዳሜ አንዴ፣ ሦስት ሰኮንድ ያህል ነው። በሦስት ሰኮንድ ደግሞ አንድ ሰው ሁሉን ማየት አይችልም። ስለዚህ ሰይድ ዘዴ አመጣ። እኔ የግራውን ግማሽ አያለሁ፣ እሱ የቀኙን። ስታልፍ ሁለታችንም እንደ ተኳሽ አንድ ዐይናችንን ጨፍነን እናፈጣለን፤ ወዲያው ወጥተን በር ላይ ባለው አምፑል ሥር ያየነውን ሳይጠፋብን እንስላለን። እሑድ ከእኔ ቤት የልብስ ሳሙና ላይ በምላጭ እንቀርጻለን። ሳሙና ራሱ ጡብ ስለሆነ ሥራው ግማሽ አልቆ ነው የሚጠብቅህ። እናቴ ቅዳሜ ለልብስ ያስቀመጠችውን ሳሙና እሑድ አፍንጫና ክንፍ አውጥቶ ታገኘዋለች። ለስንት ሳምንት ቆሻሻ ሸሚዝ ለብሼ ለሳይንስ መሥዋዕት እንደሆንኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

እና አንድ ቅዳሜ፣ ከበሩ ሥር ተቀምጠን ስንስል፣ ሰይድ እርሳሱን አቆመ። በቀኙ ግማሽ፣ በመንኮራኩሯ መጨረሻ ላይ ሁለት ጭራ ነው ያየሁት አለኝ። ሁለተኛው የቴሌቪዥኑ ጥላ ይሁን የእሷው ይሁን መለየት አቅቶታል። «አንተ ንግግሩን ትሰማለህ» አለኝ፣ «ስለ ጭራው ያሉት ነገር አለ?»

እዚህ ላይ ነው መቆም የነበረብኝ። «እኔ እንግሊዝኛ አልችልም» ለማለት ሦስት ቃል በቂ ነበር። ግን ነፃ ሻይ የለመደ ምላስ መቼ ቆሞ ያስባል፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ወጣ። «እንዴት አላሉም! ሻምበሉ አሁን ነው የተናገረው። አንደኛው ጭራ የመሄጃ፣ ሁለተኛው የመመለሻ ነው።» ይስቃል ብዬ ነበር። ሰይድ ግን ራሱን ነቀነቀና «ትክክል ነው። ለመሄድ ብቻ ማን ይሠራታል» ብሎ ሁለተኛውን ጭራ አጠቆረው። እሱ መሥራት የሚወድ ሰው ነው፤ የሚሠራ ሰው ምክንያት ያለው ነገር ሲነግሩት ያምናል። እኔም በማግሥቱ ረሳሁት።

ፎርማው አራት ወር ፈጀ። ባቡሩ እያለፈ፣ ሰይድ ትንፋሹን እየያዘ፣ የመሄጃውን ጭራና የመመለሻውን ጭራ ለየብቻ በሞረድ አወጣቸው። ሁለቱን ስትገጥማቸው እንደ ጥሩ በር «ጠቅ» የሚሉ። እኔ ደግሞ መገጣጠሚያውን የሚያሳይ ወረቀት ሳልኩ፤ አንደኛ ይህን አስገባ፣ ሁለተኛ ያንን፣ በመጨረሻ የመመለሻውን ጭራ አትርሳ።

ፎርማው ሊያልቅ ሲል ከተማ ውስጥ ያለችው አክስቴ ልጇ ተመርቃ እኔንና እናቴን ጠራችን። ቅዳሜ ነበር። አክስቴ የቀለም ቴሌቪዥን ነበራት፤ አንቴናውም እንደ ሰው ቀጥ ብሎ የቆመ። ሰዓቱ ሲደርስ ድራማው ጀመረ። መንኮራኩሯ ብቅ አለች። ነጭ ናት፤ ባለ አንድ ጭራ ናት። የተመረቀችው የአክስቴ ልጅ አጠገቤ ስለነበረች ሻምበሉ ምን አለ ብዬ ጠየቅኋት። ሻምበል የቱ ነው አለች። ቁመናው ያማረውን አሳየኋት። እሱማ ወጥ ቤቱ ነው አለችኝ። አዛዡ ያ «አማች» ያልኩት ጢማሙ ነበር። ሳቅ ያዘኝ። የምጠጣው ብርዝ በአፍንጫዬ ወጣ። አክስቴ ጀርባዬን እየመታች፣ እኔ እየሳቅኩ፣ መሃል ላይ የሰይድ ሁለት እጆች ጭኑ ላይ ሆነው ባቡር ሲጠብቁ ታዩኝ። ያኔ ሳቁ ቆመ።

ሰኞ ጠዋት ከማንም በፊት ወርክሾፕ ገባሁ። ነገርኩት። ጥላ ነው አልኩት፣ ሁለተኛው ጭራ የለም፣ እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፣ ሻምበሉም ወጥ ቤት ነው። ሰይድ ሞረዱን አስቀምጦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሌሎቹን ጠርቶ «ኑ ስሙት፣ ሻምበሉ ወጥ ቤት ሆነ» አላቸው። የወርክሾፑ ሰው ሁሉ ሳቀ። ማርያምን አልኩት።

«በሷ አትማል» አለኝ ፈገግ ብሎ፣ «እሷን እኔም አከብራታለሁ። ደግሞ ሰኞ ሰኞ አታስቀኝ፤ እጄ ይንቀጠቀጥብኛል።»

አልፈርድበትም። ከዚያ በፊት ስንቱን ምዬ ነግሬያቸዋለሁ። ለስብርባሪ ለቃሚዎቹ ሴቶች ለበዓል ራዲዮ ሊታደል ነው ብዬ ምዬ አሰልፌአቸው አውቃለሁ። ለዘበኛው ከአቃቂ ወንዝ አዞ ወጣ ብዬ ምዬ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ አድሯል። ጋሽ ደምሴ ቢሮ ገብቼ ስናገር ደግሞ ገና «ጭራው» ስል መነጽራቸውን አውልቀው «ደግሞ ጀመርክ» አሉኝ። ሰው ውሸቱን ሲነቁበት ይጨነቃል ይባላል፤ እውነቱን ሲስቁለት ምን እንደሚሆን ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

በዐይኑ ይይ ብዬ በሚቀጥለው ቅዳሜ አክስቴ ቤት ወሰድኩት። ሁለት ታክሲ፣ አራት ሎሚ፣ ሁለት ጊዜም ወርዶ አስመለሰ። ደረስን፣ ተቀመጥን፣ አክስቴ ቴሌቪዥኑን ከፈተችልን። ያን ዕለት ስብሰባ ነበር። ማን እንደሰበሰበው ማን እንደተሰበሰበ አላስታውስም፤ አንድ ሰውዬ ወረቀት ያነባል፣ ሌላው ያጨበጭባል፣ ወረቀቱም አያልቅም። ድራማው ሳይመጣ መሸ። ስንመለስ ሰይድ ገርጥቶ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ተጉዞ፣ አቃቂ ስንወርድ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «ለአንድ ቀልድ እንዲህ የሚለፋ ሰው አይቼ አላውቅም» አለኝ። በፍቅር ነው ያለኝ። ያ ነው የከፋው።

ጡቦቹ ወጡ። ቀለማቸው የጆግ አረንጓዴና የሳፋ ቀይ። አቃቂ ውስጥ ልጆች አበዱባቸው፤ እነሱም በእትዬ ጫልቱ ቴሌቪዥን ነበር ያደጉት፣ ለእነሱ ትክክለኛዋ ባለ ሁለት ጭራዋ ናት። ከዚያ ጋሽ ደምሴ ሁለታችንን በፒክአፑ ጭነው መርካቶ ወሰዱን። ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበረም። ሻይ አዘዘልን፣ በእጁ ገጣጠማት፣ አሠራሯን አደነቀ። ከዚያ ከኋላዋ አዙሮ አያትና ይሄ ምንድን ነው አለ። ሰይድ ደረቱን ነፋ አድርጎ የመመለሻው ነው አለው። ነጋዴው ከባንኮኒው ጀርባ ያሉትን ልጆቹን ጠራቸው፤ ልጆቹ አዩ፤ ሱቁ በሙሉ፣ ተሸካሚው ሳይቀር፣ ሳቀ። ነጋዴው ዐይኑን እየጠረገ መንኮራኩሯን ቀስ ብሎ ለሰይድ መለሰለት።

«ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ቴሌቪዥናችሁን ግን አሠሩት» አለው።

ሰይድ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ስፈራ ፊቴ ፈገግ ይላል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው፣ አባቴ ይህን ፈገግታ ሊያጠፋ ስንት ልምጭ ሰብሯል። ፈገግ አልኩ። ውጭ ከወጣን በኋላ ሰይድ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እውነቱን በቀልድ ጠቅልለህ ሰጠኸኝ። እንዳላምንህ አድርገህ ነው የነገርከኝ።» ጋሽ ደምሴ ጡቦቹን መልሰው አቅልጠው ጆግ አደረጓቸው። ደብዳቤው አልተፈረመም። በሳምንቱ ሰይድ ከአባቱ መኪና ጋቢና ውስጥ፣ አንድ ከረጢት ሎሚ ታቅፎ፣ አቃቂን ለቆ ወጣ። ወሬውን እሰማለሁ፤ ኮምቦልቻ ታየ፣ ሚሌ ታየ። የጂቡቲን መንገድ ዳር ዳሩን ያጠበው እሱ ነው እያልኩ አወራ ነበር፣ ሰውም ይስቅልኝ ነበር። ከዚያ ይህን ወሬ ማውራት ተውኩ።

ወደ ማክሰኞው ሚኒባስ ልመለስ። ቃሊቲ ማረሚያ ቤቱ ጋ ምሳ የቋጠሩ ሴትዮ ከጎኑ ሲወርዱ ተነሥቼ ቦታቸው ላይ ተቀመጥኩ። ሰይዶ አልኩት። ሎሚውን ከአፍንጫው አወረደ። ለረጅም ጊዜ አየኝ።

«አቶ ተሾመ፣ እንደምን ነዎት?»

አንቱ አለኝ። ከአንድ ሳሙና ስንት ክንፍ ያወጣን ሰዎች። ጤናውን ጠየቅሁ፣ አልሐምዱሊላህ አለኝ። ሹፌርነቱን ልጁ ተረክቦታል፤ አሁን የሚኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ፎቁም ሲወጣ ትንሽ ያዞረዋል። እኔ ሠላሳ ዓመት ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። ሌሊት ለብቻዬ ሳጠናው ራሴን አስለቅሶኛል። ጀመርኩት። አንተን ማታለል አልፈለግሁም አልኩ፤ ስለ ጥላው ስነግርህ ከልቤ ነበር፤ ስለ ሻምበሉም፣ ወጥ ቤት መሆኑን ሳውቅ... እዚህ ስደርስ ከኋላችን ያለች ወጣት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና በሳቅ ትንፈቀፈቃለች። ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ ጥርሱን ገልጧል። ረዳቱ «ፋዘር፣ ይድገሙት» አለኝ። ድምፄን አከበድኩት፤ ባከበድኩት ቁጥር ሳቁ ባሰ። ንግግሬ ይቅርታ ላይ ሳይደርስ ቆመ።

ሰይድ አልሳቀም። ሎሚውን በሁለት ጣቱ እያዞረ መንገዱን ያያል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ተሼ» አለኝ። «አክስትህ ቤት፣ መጀመሪያ ባለ አንድ ጭራ ሆና ስታያት፣ ሳቅህ?»

ቢያንስ ሠላሳ መልስ ምላሴ ላይ ተሰልፈው ነበር፤ ግማሾቹ የሚያምሩ ናቸው።

«ሳቅኩ» አልኩት።

«ብዙ?»

«ብዙ።»

ራሱን ቀስ ብሎ ነቀነቀ። «ይሄን አምንሃለሁ» አለኝ። ከዚያ ወደ ረዳቱ ዞሮ «ወራጅ አለ» አለ። ጉልበቴን አልፎ፣ የወንበሩን ጠርዝ ይዞ ወረደ። ገላን ገና ሦስት ፌርማታ ይቀረው ነበር።